ጂኦግራፊ በውርድ ንባብ

ከፈተና የወጣ ተማሪ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ከፈተና አዳራሽ በር ላይ ቆሞ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ቆሜ አይቻለሁ። አንዱ ገና እግሩ ከደፉ ሳይወጣ «ቀላል ነበር» ይላል፤ እንዲህ ላለው ልጅ እዘኑለት፣ ጥያቄው አልገባውም። ሌላው አንድም ቃል ሳይተነፍስ ወደ ሽንት ቤት ይሮጣል። ሦስተኛው የጓደኛውን እጅጌ ጨምድዶ ይዞ «ሃያ ሦስተኛውን ምን አልክ?» ይላል። ጓደኛው የተለየ መልስ ከነገረው ይታመማል፤ ተመሳሳይ መልስ ከነገረው ደግሞ «ምናልባት ሁለታችንም ተሳስተን ይሆናል» ብሎ ይታመማል። ለመሆኑ ከፈተና ወጥቶ ጤና ያገኘ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ እስካሁን አልገጠመኝም።

ከፈተናዎች ሁሉ ደግሞ እንደ ጂኦግራፊ ሙግት የሚያስነሳ የለም፤ በተለይ ስለ ሰው የሚያወራው፣ ሂውማን ጂኦግራፊ የሚሉት ክፍል። የሒሳብ ፈተና ሲሆን ሁለት ልጆች ቢጨቃጨቁ ጎበዙ ያስረዳል፣ ሰነፉ ይቀበላል፣ ነገሩ ያልቃል። ይኼኛው ግን የሚጠይቀው ሰው አገሩን ለቆ ለምን ይሄዳል፣ እዚህ ተፋፍጎ እዚያ ለምን ተበታትኖ ይኖራል፣ ያኛው መንደር ከተማ ሲሆን ይኼኛው ለምን መንደር ሆኖ ቀረ እያለ ነው። ስለ ሰው የተጠየቀ ልጅ ደግሞ የተማረውን ትቶ ጎረቤቱን፣ አጎቱን፣ የአጎቱን ሚስት ማሰብ ይጀምራል። በአጎቱ ጉዳይ ማን ይረታዋል?

እኔ ራሴ የጂኦግራፊ ሰው አይደለሁም። የሒሳብ አያያዝ መምህር ነኝ። ፋርጣ ተወልጄ ደብረ ታቦር ተምሬ እንጀራዬ ሌላ ከተማ ሆኖ ቀርቷል። ክረምት ሲገባ ግን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ፈታኝ ሆኜ እመደባለሁ፤ ዕጣው አንዴ ቆላ፣ አንዴ ደጋ ይጥለኛል። አንድ ዓመት አገሬ ደብረ ታቦር ላይ ጣለኝ። ፈታኝነት ቀላል ሹመት እንዳይመስላችሁ። ቁም ስል የሚቆም፣ ተቀመጥ ስል የሚቀመጥ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ እጁን አውጥቶ የሚለምነኝ ሕዝብ ያለኝ በዚያ ሳምንት ብቻ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ አበው። የፈተና ሹመት የሚበላ ነገር የለውም፤ ያለው የሚቆጡት ሰው ብቻ ነው፤ እሱን እኔ በሚገባ በልቻለሁ።

አብራኝ የተመደበችው መምህርት ስንዱ የተለየች ሰው ናት። እሷ ከኋላ ወንበሯ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ትቀመጥና ዓይኗን ብቻ ታዞራለች። እኔ ክፍሉን ስዞር፣ ስመለስ፣ ስዞር «መምህር፣ ልጆቹን ነፋስ አስመታሃቸው» ትለኛለች። አልሰማትም። ሹመት ላይ ነኝ።

የመጨረሻው ፈተና ጂኦግራፊ ነበር። ልጆቹ ሻንጣቸውንና ፍራሻቸውን ጠቅልለው ኮሪደሩ ላይ ደርድረዋል፤ ፈተናው እንዳለቀ ወደየወረዳቸው የሚመልሷቸው አውቶቡሶች ደጅ ቆመዋል። ወረቀቱን አደልን፣ «ጀምሩ» አልኩ በታላቅ ድምፅ፤ ያን ጊዜ ዝናቡም ትእዛዝ እንደተሰጠው ሁሉ አብሮ ጀመረ። የደብረ ታቦርን የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያልሰማ ሰው ዝናብ ሰማሁ አይበል። ስንዱ ከክፍሉ ማዶ አፏን ስታንቀሳቅስ አያለሁ እንጂ የምትለውን አልሰማም። ልጆቹ አቀርቅረዋል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ እዞራለሁ። ሁላችንም ሥራችን ላይ ነን።

ኋላ ዝናቡ ድንገት ቀጥ አለ። ዝናቡ ሲቆም ግን ከሥሩ አንድ ሌላ ድምፅ ቀረ።

ዝቅ ያለ፣ የሚያዜም፣ የማያቋርጥ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ንብ መሰለኝ፤ መስኮቱን አየሁ፣ የለም። ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ደሜን አፈላው፤ ስልክ። ስልክ ይዞ መግባት እንዴት ያለ ወንጀል እንደሆነ ለልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ስሰብክ ከርሜአለሁ። አንድ ጉድ እጄ ላይ ሊወድቅ ነው ብዬ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስም አለኝ። በጫፍ እግሬ ሄጄ ከአንዲት ልጅ አጠገብ ቆምኩ፤ ጸጉሯ ብዙ ስለነበረ ጠረጠርኳት። ድምፁ ከዚያ አይደለም። ጎንበስ ብዬ ከዴስክ ሥር አየሁ፤ ከጫማ በቀር ምንም የለም። ቀና ስል ግንባሬን ከዴስኩ ጠርዝ ጋር አጋጨሁት። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው። በዚህ መሀል ድምፁ አላቋረጠም። ከመሀለኛው ረድፍ፣ ከአንድ ጺም ካበቀለ፣ ነጠላውን በዩኒፎርሙ ላይ አጣፍቶ ከተቀመጠ ወጣት አፍ ነው የሚወጣው።

ይባቤ ይባላል። ከእኩዮቹ በዕድሜ ከፍ ይላል። ዲያቆን ነው፤ ጓደኞቹ በቀልድ «የኔታ» እያሉ ይጠሩታል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጣራ ገዳም አካባቢ፣ ኋላም ደብረ ታቦር የአብነት ትምህርት ቤት ኖሮ ዘግይቶ ነው የአስኳላውን ደጅ የረገጠው። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። በዚያች ሰዓት ያየሁት ፈተና ላይ የሚያንጎራጉር ሰው ብቻ ነው።

ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። ጥያቄውን እያነበበ ነው። ጥያቄው እንግሊዝኛ ነው፤ ዜማው ግን እኔም በልጅነቴ እየሰማሁት ያደግሁት የውርድ ንባብ ዜማ ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ደጅ ያልደረሳችሁ ካላችሁ ላስረዳ። እዚያ ማንበብ ማለት ድምፅን አውጥቶ ማንበብ ነው። ልጅ ፊደል ከለየ በኋላ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ነው የሚያድገው፤ ውርድ ንባብ ቃሉን እየጎተቱ፣ ድምፁን ወደ ታች እያወረዱ የሚዘልቁት ነው። አፍ ይናገራል፣ ጆሮ ይሰማል፣ ወገብ ይወዛወዛል። መምህሩ፣ የኔታ የሚባሉት፣ ከሩቅ ተቀምጠው የእያንዳንዱን ልጅ ድምፅ ለይተው ያውቃሉ፤ አርጩሜ የሚያርፈው የሚጮኸው ልጅ ላይ ሳይሆን ዝም ያለው ላይ ነው። እዚያ ዝም ያለ ልጅ አልተማረም። እዚህ እኔ ዘንድ ደግሞ የሚቀጣው ድምፅ ያሰማው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በሁለት ዳኛ መሀል እንዲህ ይገባል።

ትከሻውን ነካ አድርጌ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ደነገጠ፣ በጣም ይቅርታ ጠየቀኝና ዝም አለ። እኔም ኮራ ብዬ ሄድኩ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ተመለሰ። ዞሬ መጣሁ፣ ሁለተኛ አስጠነቀቅሁት። ይኼኔ ነጠላውን ሰብስቦ አፉ ላይ ያዘ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ስነግራችሁ አሁንም ይከፋኛል። እርሳሱ ቆመ። ወረቀቱ ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። ዓይኑ መስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ግንባሩ በዚያ ብርድ አላበው። አንድ ጥያቄ ላይ እንዲህ ሲታገል ቆየ፣ ግምት የሚመስል ነገር አጠቆረና ወደሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ሄደ፤ እዚያም ያው ሆነ። ስንዱ ከኋላ ሆና በዓይኗ «ተወው» አለችኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ አውቃለሁ፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉም እኛው ነን። ለዚህ ልጅ የትኛው እንደሚሠራ ቆሜ ሳስብ እሱ ራሱ ወሰነ። ነጠላውን ከአፉ አወረደና ማንበቡን ቀጠለ።

ሦስተኛ ሄድኩ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከሁለት ማስጠንቀቂያ በኋላ ሪፖርት ይጻፋል። ይህንኑ በጆሮው ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ላይ ድፍረት የለም፣ ልመናም የለም።

«ይጻፉብኝ መምህር» አለኝ ቀስ ብሎ። «ግን ልጨርስ።»

ምን ይባላል? እንዲጨርስ ተውኩት። አጠገቡ ቆሜም ሰማሁት፤ መቆሜ ለቁጥጥር ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ስለ ሕዝብ ጥግግት፣ ስለ ሰፈራ፣ ስለ ገበያ ቀናት የሚያነበው እንግሊዝኛ በሕይወቴ እንዲያ ጥርት ብሎ ገብቶኝ አያውቅም። ማረፍ ያለበት ቦታ ያርፋል። ዋናውን ቃል ይይዘዋል፣ ይጎትተዋል፣ ያወርደዋል። ተማሪ ሁሉ የሚሰናከልባት «ኤክሴፕት»፣ ‹በስተቀር› የምትል ቃል ስትመጣማ ማኅሌት ላይ እንደቆመ ሰው ተቀብሎ እስኪበቃት ያዜማታል። ከዚያ በኋላ ማን ይስታታል? ኮሌጅ እያለሁ አጠገቤ እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነበርኩ። አደነቅሁት። አድንቄም ሪፖርቱን ጻፍኩ፤ ሹመት እንዲህ ያደርጋል።

ሰዓቱ አለቀ፣ ወረቀቱ ተሰበሰበ። ሪፖርቱን ይዤ፣ ይባቤንም አስከትዬ፣ ከስንዱ ጋር ወደ ፈተና ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ሄድን። ኃላፊው ከቆላ የመጣ ረጅም ሰው ነው፤ ለብርዱ ጃኬት በጃኬት ላይ ደርቧል፤ ብዙ አይናገርም። ሪፖርቱን አንብቦ ነገሩ ከባድ መሆኑን ነገረን። ልጁ ድምፅ አውጥቶ መልስ ሲያቀብል ነበር ከተባለ የእሱ ፈተና በሙሉ ይሰረዛል፤ በዙሪያው የተቀመጡትም ልጆች ጂኦግራፊያቸው አብሮ ሊሄድ ይችላል። ይባቤ ይህን ሲሰማ ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረም። እባክዎ እነሱን አያስገቧቸው፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብቻ አለ። እኔ ይኼኔ የጻፍኩትን ወረቀት መልሼ ልወስደው ፈልጌ እጄን ዘረጋሁ፤ ኃላፊው ግን ክንዱን ጭኖበታል።

በዚህ ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ተማሪዎች ገቡ፤ ነጠላቸውን አደግድገዋል። ከፊት የቆመችው ትርንጎ የምትባል የሐሙሲት ልጅ ናት፣ ይባቤ ፊት ለፊት ተቀምጣ የተፈተነችው። ከጎኗ አማረ የሚባል የጋይንት ልጅ አለ፤ ሦስተኛው ዝም ብሎ እንዲያስከብር የመጣ ነው መሰለኝ፣ እስከ መጨረሻው አልተናገረም። ሌሎቹ የክፍሉ ልጆች ደግሞ መስኮቱን ሞልተውታል። አውቶቡሱ ጡሩንባውን እየነፋ ነው፤ ማንም አልተሳፈረም።

ኃላፊው ተቀመጡ አላቸው። አልተቀመጡም። ካልሰሙን አንቀመጥም አሉት። ሰውየው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። ነገሩ ለእኔ ገብቶኛል፤ በእኛ አገር ልጅ ለመጠየቅም ሆነ ደም ለማድረቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት ወንበር አይነካም። ከልጆቹ አንዳቸውም ሃያ ዓመት የሞላቸው አይመስለኝም። ግን ሥርዓቱን ከቤት ይዘውት መጥተዋል፤ ሊቀጡ ይችላሉ የተባሉት እነሱ ራሳቸው መሆናቸውን እያወቁም ነው የመጡት። በዚያች ደቂቃ ፋርጣ በመወለዴ ኮራሁ።

ትርንጎ የኃላፊውን ጤና ጠየቀች፣ ብርዱን እንዴት ቻሉት አለች፣ ስለ አገሩ ዝናብም ጠየቀች። ጨዋታውን እዚህ ካደረሰች በኋላ ነው ወደ ነገሩ የገባችው።

«ጋሼ፣ ወንድማችን አላጠፋም አንልም» አለች። «ድምፅ አሰምቷል። ግን መልስ አልሰጠንም፤ የሰጠን ጥያቄውን ነው። ጥያቄው ደግሞ በየወረቀታችን አለ።»

ቀጥላ የይባቤን ነገር ነገረችው። ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ጠዋት ክፍል የሚገባ ልጅ መሆኑን፣ እርሻውን ታናሽ ወንድሙ እንደያዘለት፣ ወንድሙም የራሱን ጎጆ ሊወጣ ስለሆነ ከዘንድሮ ወዲያ እንደማይጠብቀው ነገረችው። ዘንድሮ ካለፈው አስተማሪ ይሆናል፤ ካላለፈው ሞፈሩ ይጠብቀዋል። ይህን ስትናገር ይባቤ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ኃላፊው ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ደንብ ያውቃል። ሰው እንዴት ዝም ብሎ ማንበብ ያቅተዋል? ሲል ጠየቀ። ግድግዳው ላይ የፈተና ደንብ ተለጥፎ ነበር። ይባቤን ወደዚያ እንዲቀርብና የመጀመሪያውን አንቀጽ በልቡ እንዲያነብ አዘዘው። ይባቤ ቀረበ። ከንፈሩን ገጠመ። ዓይኑን መስመሩ ላይ ተከለ፤ ትከሻው ቀስ ብሎ መወዛወዝ ጀመረ፣ ከዚያም ሳይታወቀው ድምፁ መጣ።

«በፈተና ክፍል ውስጥ… ድምፅ ማሰማት… በጥብቅ የተከለከለ ነው…»

ያችን «የተከለከለ» የምትለዋን ቃል እንዴት አድርጎ እንዳወረዳት ብነግራችሁ አታምኑኝም። መስኮቱ ላይ ካሉት ልጆች አንዱ በልማድ «አሜን» ሊል ምንም አልቀረውም። ስንዱ በጋቢዋ አፏን ሸፈነች። ኃላፊው ወደ ጣሪያው እያየ ሁለቱን ጃኬቶቹን ቆለፈ፤ ሳቁ እንዳያመልጠው መሆኑ ነው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ የተባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሰውየው ሲረጋጋ ግን አንድ ጥያቄ ቀረው፤ ያም ቢሆን ሌሎቹ እንዳልተጠቀሙበት በምን አውቃለሁ? አለ። ያን ጊዜ አማረ ነጠላውን እንደ ጨዋ ሽማግሌ አስተካክሎ ምስክርነቱን ሰጠ። መልስ ቢሰጠንማ ኖሮ፣ አለ፣ ሰው ከገጠር ስለሚለቅበት ምክንያት የሚጠይቀውን ጥያቄ እኔ ገና ሳየው ቢ ብዬ አጠቁር ነበር ወይ? እሱ መልስ ካወቀ ለምን እኔ ብቻዬን እደክማለሁ?

ትርንጎ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

«ቢ ነው እንዴ ያልከው?»

ሽምግልናው ያበቃው እዚያ ላይ ነው። አማረ ቢ የመሬት ጥበት ነው አለ፤ አባቱ ለወንድሞቹ አካፍሎ አካፍሎ የቀረችው ማሳ በሬ አዙሮ የማያርስባት ሆናለች፤ ታላቁ ወንድሙ ሁመራ የሄደው በዚሁ ነው፤ ታዲያ ይህ ምክንያት ካልሆነ ምን ምክንያት ነው? ትርንጎ ደግሞ ሲ ነው አለች፤ አፈሩን ጎርፍ ጠርጎ ከወሰደው መሬቱ ሰፊ ሆነ ጠባብ ምን ይጠቅማል፤ የአክስቷ ባል ማሳ ድንጋይ ብቻ ቀርቶ ሰውየው ባሕር ዳር ዘበኛ ሆኖ ገብቷል። ከመስኮቱ አንድ የከተማ ልጅ አንገቱን አስገባና ሁለታችሁም አልገባችሁም፣ መልሱ ኤ ነው፣ ሥራ ማጣት ነው አለ፤ ለማስረጃ የሰፈሩን ወጣት በሙሉ በስም ሊጠራ ነበር። አንዷ ከኋላው የአጎቷን ሚስት ማንሳት ጀመረች። አልኳችሁ አይደል? ሦስተኛው ሽማግሌ እንኳ ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ባይታወቅም። ለምን እንደመጡ ሁሉም ረስተውታል። ይባቤ በጥግ በኩል ቆሞ አንዴ ይኼን አንዴ ያንን ያያል።

እኔ ልቤ ተነካ፤ በግልጽ ነው የምናገረው። ሦስት ሰዓት ተፈትነው፣ ተርበው፣ አውቶቡስ እየጠራቸው፣ እነዚህ ልጆች የሚከራከሩት ስለ ውጤት አይደለም። የሚከራከሩት አገራቸውን ሰው ለምን ጥሎት እንደሚሄድ ነው፤ እያንዳንዳቸውም የሄደባቸውን ሰው ጠርተው ነው የሚመሰክሩት። ይህን ፈተና ያወጣው ሰው እዚያ ቢሮ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ሁሉንም ሙሉ ማርክ ሰጥቶ ይሸኛቸው ነበር።

ኃላፊው ጥቂት ሰማቸው። ከዚያ ስንዱ የያዘችውን የጥያቄ ወረቀት ተቀበለና ጥያቄውን ፈልጎ አነበበ፤ እሱ በልቡ ነው የሚያነበው። አንብቦ ቀና አለና እጁን ሲያነሳ ክርክሩ በረደ።

«ጥያቄው እኮ ‹ኤክሴፕት› ይላል» አለ። «የተጠየቃችሁት ያልሆነውን ነው።»

ኤም፣ ቢም፣ ሲም ሰውን ከገጠር የሚገፉ ናቸው፤ አራተኛው ምርጫ ነበር መልሱ፣ ከተማ ውስጥ የተሻለ ትምህርት መኖሩ፣ እሱ ይስባል እንጂ አይገፋም። ሁሉም እውነት ተናግረው ሁሉም ተሳስተዋል። አማረ ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ግንባሩን ጠረገበት። የከተማው ልጅ አንገቱን ከመስኮቱ ቀስ አድርጎ አወጣ።

ያን ጊዜ ኃላፊው መሳቅ ጀመረ፤ ያ ሁሉ የታፈነ ሳቅ ነው የወጣው። ሪፖርቴን አነሳ፣ አንድ ጊዜ ተመለከተው፣ ለሁለት ከዚያም ለአራት ቀደደው። መልስ የተቀባበሉ ልጆች ቢሆኑ ኖሮ፣ አለ፣ ቢያንስ በአንድ መልስ ይስማሙ ነበር፤ በሦስት አቅጣጫ የሚጣላ ረድፍ ተኮራርጇል ብዬ ማን ፊት እቀርባለሁ? ልጆቹ እልል አላሉም። ጎንበስ ብለው አመሰገኑ፣ ሽማግሌዎቹም ጉዳያቸው ስለተሰማ አሁን ተራ በተራ ወንበር ነክተው ተነሱ፤ ሥርዓቱ እንዳይጎድል ነው። ይባቤ የኃላፊውን ጉልበት ሊስም ሲል ሰውየው ያዘው። እኔንም መጥቶ ጨበጠኝ። እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ እንድጨርስ ስለተዉኝ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ሹመት አለ?

ኃላፊው ልጁን ሊያጽናናው ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ ሲወጣ አስቆመውና ፈተናው እንዴት ነበር፣ ያን ጥያቄ አንተስ አገኘኸው ወይ ብሎ ጠየቀው።

«እሷን አላገኘኋትም ጋሼ» አለ ይባቤ። «ዝም በል ተብዬ በልቤ ያነበብኳቸው ሦስት ጥያቄዎች ነበሩ፤ እሷ አንዷ ናት። ሌሎቹ ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናቸው።»

ትርንጎ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ይህን ስትሰማ ዞር አለች፤ ፊቷ ላይ ተንኮል የሚባል ነገር የለም።

«እኛንም እኮ፣ እዚህም ኮሪደር ላይም፣ ያጣሉን ድምፅህ የጠፋባቸው እነዚያው ሦስቱ ናቸው» አለች። «በሌሎቹ ሁላችንም ተስማምተናል።»

ኃላፊው ዞሮ አየኝ። ሪፖርቱ ግን አንዴ ተቀዷል።